ገመዱ የተውሶ ነው፤ ቅጂው ግን የራስ

ባለፈው ሴሚስተር ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎቼ አንድ የቤት ሥራ ሰጥቼ ነበር። በትግራይ ደጋማ አካባቢዎች ስለሚታየው የአፈር መሸርሸርና ስለ መከላከያው አሥር ገጽ ጽሑፍ አዘጋጅተው እንዲያመጡ። ጽሑፎቹ ሲመጡ አምስቱ እንደ መንትያ ተመሳሰሉብኝ። በአምስቱም ላይ ገበሬው በቆሎውን ከሰበሰበ በኋላ አገዳውን ማሳው ላይ እንዲተው፣ ከዚያም በትራክተር የሚጎተት ልዩ የመዝሪያ መሣሪያ እንዲጠቀም ይመከራል። ጽሑፉ የተገለበጠው ስለ አሜሪካ የሜዳ እርሻ ከሚያስተምር አንድ ድረ ገጽ ነበር። ምክሩ ለዚያ አገር ትክክል ነው። አገዳና ገለባ ለከብት መኖ በሚፈለግበት፣ ማሳው ከጥማድ በሬ በቀር ሌላ በማያስገባበት በደጉዓ ተምቤን ተዳፋት ላይ ግን ቀልድ ይሆናል።

ተቆጣሁ። «ከዚህ ከመቐለ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሐገረ ሰላም ዙሪያ ስንትና ስንት ጥናት ተሠርቶ የለም እንዴ? ለምን እርሱን አልፈለጋችሁም?» አልኳቸው። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«ዶክተር፣ ፈልጌ አግኝቼው ነበር። ግን ለማንበብ 35 ዶላር ክፈይ ይላል።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። በዚያ ተዳፋት ላይ እርከኑን ድንጋይ በድንጋይ የካቡት የእርሷ ወላጆችና ጎረቤቶች ናቸው። ጥናቱን ያጠኑት የእኛው መምህራንና የውጭ ባልደረቦቻቸው ናቸው። የመቐለ ዩኒቨርሲቲ ከ2003 እስከ 2013 (እ.ኤ.አ.) ከቤልጅየም ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ባደረገው ሰፊ ትብብር ስለዚህ አፈር ብዙ ተጽፏል። የጽሑፎቹ አያሌ ክፍል የታተመው ግን በአውሮፓ መጽሔቶች ላይ ነው። የገበሬው ልጅ ስለ አባቷ ማሳ ለማንበብ ዶላር ትጠየቃለች።

የበለጠ ያሳፈረኝ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ያ በር ለእርሷ መከፈት ይችል ነበር። ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባለው የድረ ገጾች ስብስብ አለ። በ2002 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ጤና ድርጅት አማካይነት ሂናሪ በሚል ስም ለሕክምናው ዘርፍ ተጀመረ፤ በዓመቱ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት አጎራ የተባለውን ለግብርናው አስከተለ። እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች የሚገኙ የትምህርትና የምርምር ተቋማት ተመዝግበው የይለፍ ቃል ከያዙ፣ እነዚያን ውድ መጽሔቶች ያለ ክፍያ ያነባሉ። እኔ ራሴ የዶክትሬት ጥናቴን ስሠራ ሌት ተቀን ተጠቅሜበታለሁ። ለተማሪዎቼ ግን አንድም ቀን ከፍቼ አላሳየኋቸውም። የቤት ሥራ ሰጠሁ፤ በሩ የት እንዳለ አላሳየሁም፤ ከዚያም ለምን በመስኮት ገባችሁ ብዬ ተቆጣሁ።

እንግዲህ የዛሬው ጽሑፌ መነሻ ይህ ነው። ስለ ትምህርት ድረ ገጾች በአገራችን ሲወራ ክርክሩ ሁልጊዜ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ይሽከረከራል፤ ኢንተርኔት አለ ወይስ የለም? ፍጥነቱ ስንት ነው? ይህ ጥያቄ አስፈላጊ ነው፤ ብቻውን ግን ያሳስታል። ሁለት ሌሎች ጥያቄዎች አሉ። ድረ ገጹን ወደ ክፍል ይዞ የሚገባው ማን ነው? ገመዱ ሲቆረጥስ በእጃችን ምን ይቀራል?

*

የመጀመሪያውን ጥያቄ ስናነሣ ፕላዝማን ማስታወስ ግድ ነው። በ1997 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ባሉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚሠራጭ ትምህርት ሲጀመር እኔ ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁ ጀማሪ መምህር ነበርሁ። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት በእንግሊዝኛ ይንቆረቆራል። ተማሪው አልገባኝም ቢል ቴሌቪዥኑ አይሰማውም፤ ማስቆምም ሆነ ወደኋላ መመለስ አይቻልም። ለእኔ የተተወችልኝ መግቢያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነበረች። መካከሉን እንደ እንግዳ ግድግዳ ተደግፌ እቆማለሁ። መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ ተማሪዎቹ ወደ እኔ ዞረው ይጠብቃሉ፤ እኔም ለማስተማር እንዳልተዘጋጀሁ ያውቃሉ፤ ምክንያቱም እንድዘጋጅ የጠየቀኝ አልነበረም።

ፕላዝማ በክፋት የመጣ አልነበረም። ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት ሙከራውን በምስል ማሳየቱ መልካም ነበር። ጥፋቱ መሣሪያውን አስተማሪ፣ አስተማሪውን ደግሞ ማብሪያ ማጥፊያ ማድረጉ ነው። ዛሬ ስለ ድረ ገጽ ስናወራ ያንኑ ጥፋት በአዲስ ልብስ ልናመጣው እንችላለን። «ሁሉ ነገር ኢንተርኔት ላይ አለ፤ ፈልጉ» ብሎ ተማሪን ማሰናበት ፕላዝማውን ወደ ኪስ ስልክ ማዛወር ነው። ተማሪዎቼ በአሜሪካ ሜዳ ላይ የጠፉት በዚህ መንገድ ነው።

መምህሩ ይዞት ሲገባስ? አንድ ምሳሌ ልስጥ። ላንድሳት የተባለው የአሜሪካ ሳተላይት ከ1972 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ምድርን ከሰማይ እያነሣ ነው። ምስሎቹ በ2008 (እ.ኤ.አ.) ለማንኛውም ሰው በድረ ገጽ ያለ ክፍያ ተለቀቁ። አንድ ቀን ከ1977ቱ ድርቅ ማግሥት የተነሣ የመቐለ ዙሪያ ምስልና የቅርብ ጊዜ ምስል አውርጄ ጎን ለጎን በክፍል አሳየሁ። ከከብትና ከመጥረቢያ የተከለሉት ተራሮች ለዓይን ልዩነት አላቸው። አንድ ተማሪ የአያቱን መንደር ፈልጎ አገኘና «ደኑ ተመልሷል!» አለ። ሄደህ ጠይቅ አልሁት። በሳምንቱ ተመልሶ የነገረን፣ አያቱ ሥዕሉን አይተው ስቀው «ልጄ፣ ይህማ ባሕር ዛፍ ነው፤ እኔው ነኝ የተከልሁት» እንዳሉት ነው። ያ ተማሪ በዚያች ሳምንት የተማረውን እኔ በአንድ ሴሚስተር ንግግር ላስተምረው አልችልም። ድረ ገጹ አያቱን አልተካቸውም፤ ለአያቱ የሚቀርብ ጥያቄ ሰጠው። በክፍል ውስጥም በምርምርም የድረ ገጽ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

*

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልሂድ። ይህኛው በመቐለ ላለ ሰው የመጽሐፍ ጥያቄ አይደለም።

በአገራችን ገመድ የመቁረጥ ልማድ ከጦርነቱ በፊትም ነበረ። የሚያስገርመው በትምህርት ስም ጭምር መቆረጡ ነው። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሾልኮ በፌስቡክ ወጣና ፈተናው ተሰረዘ። በቀጣዩ ዓመት በ2009 ዓ.ም. በፈተናው ሰሞን ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘጋ። በሰኔ 2011 ዓ.ም.ም በፈተና ሳምንት እንዲሁ ሆነ። የፈተናን ወረቀት ለመጠበቅ የአንድ አገር ቤተ መጻሕፍት በር ተቆለፈ። ያን ሳምንት ሐኪሙ፣ ተመራማሪው፣ የማስተርስ ጽሑፉን ለማስረከብ ቀን የሚቆጥረው ተማሪ ሁሉ አብረው ተቀጡ።

ከዚያ ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. መጣ። ስለ ጦርነቱ መንሥኤና ስለ ጥፋተኛው የሚደረገውን ክርክር ለሌላ ቀን ላቆየው፤ አሁን የማወራው በአንድ መምህር ቤት ውስጥ ስለሆነው ነገር ነው። ስልክና ኢንተርኔት ጠፉ። ስልኩ መሐል ላይ ብልጭ ብሎ ነበር፤ ከሰኔ 21 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ግን ጨለማው ሙሉ ሆነ። ባንክ ዝግ ነው፤ ደመወዝ የለም፤ ትምህርት ቤቶች ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና መዘጋት ጀምሮ አልተከፈቱም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ነው መብራቱም፣ ባንኩም፣ ስልኩም፣ ኢንተርኔቱም ደረጃ በደረጃ የተመለሱት።

በዚያ ዘመን በቢሮዬ ኮምፒዩተር ላይ በሚገባ አደራጅቼ ያስቀመጥኋቸው የድረ ገጽ አድራሻዎች ከመቶ በላይ ነበሩ። አንዳቸውም አልከፈቱልኝም። የነበረኝ ሁሉ አድራሻ እንጂ ቤት እንዳልነበረ የገባኝ ያኔ ነው። ጎረቤቴ የሆነ አንድ ባልደረባዬ ግን ከጦርነቱ በፊት እንደ ቀልድ ኪዊክስ በሚባል ፕሮግራም የእንግሊዝኛውን ውክፔዲያ በሙሉ አውርዶ በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይዞ ነበር። ያ ሁሉ የዓለም መዝገበ ዕውቀት ከነሥዕሉ 100 ጊጋ ባይት ገደማ ነው፤ በመዳፍ ይያዛል። መብራት በመጣ ሰዓት የሰፈሩ ልጆች ከቤቱ ይሰበሰባሉ። ትምህርት የሌላቸው ልጆች ስለ ልብ አሠራር፣ ስለ አክሱም ሐውልቶች፣ ስለ ፀሐይ ሥርዓት በተራ እየጠየቁ ያነብቡ ነበር። ሲጨቃጨቁም ሰምቻለሁ። አንዲት ልጅ «ውክፔዲያም ቢሆን ይሳሳታል፤ ሌላ መጽሐፍ እንይ» ስትል ሰምቼ በግድግዳው ማዶ ሆኜ ዓይኔ እንባ ሞላ።

ገመዱ የተውሶ ነው። ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ ይወስደዋል፤ ጎርፍ ይቆርጠዋል፤ ጥይት ይቆርጠዋል፤ ያልተከፈለ ዕዳ ይቆርጠዋል። ቅጂው ግን የራስ ነው።

*

ይህን ትምህርት ከፈረንጅ መዋስ የሚያስፈልገን ሰዎች አልነበርንም። መጽሐፈ ሄኖክ ዛሬ በዓለም ላይ በሙሉ አካሉ የሚገኘው በግእዝ ብቻ ነው። በሌሎች ቋንቋዎች የነበረው ተበጣጥሶ ጠፋ። እኛ ዘንድ የተረፈው ቁም ጸሐፊው በየገዳሙ፣ በየደብሩ ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ ስለገለበጠው ነው። አንዱ ደብር ቢቃጠል ሌላው ዘንድ አለ። የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ1999 (እ.ኤ.አ.) የቤተ መጻሕፍትን ዲጂታል ሀብት በብዙ ቦታ በማባዛት የመጠበቅን ሥራ ሲጀምር፣ የሐሳቡ ፍሬ ነገር ይኸው የቁም ጸሐፊዎቻችን ጥበብ ነው። ብዙ ቅጂ ያለው ነገር አይጠፋም።

እኛ ግን በዘመናዊው ዕውቀታችን ላይ ይህን ጥበብ ረሳነው። በጦርነቱ የአክሱምና የአዲግራት ዩኒቨርሲቲዎች ተዘረፉ፣ ወደሙ። በ2014 ዓ.ም. የወልድያና የወሎ ዩኒቨርሲቲዎችም ያው ዕጣ ደረሰባቸው። ሕንፃው ይጠገናል፤ ወንበሩም ይገዛል። በአንድ ኮምፒዩተር ብቻ የነበረ የአሥር ዓመት የመስክ መረጃ፣ በአንድ መደርደሪያ ብቻ የነበረ የመመረቂያ ጽሑፍ ግን ማን ይጠግነዋል? የትኛው ወገን ዘረፈ የሚለው የፖለቲካ ጥያቄ ነው፤ ለምን አንድ ቅጂ ብቻ ኖረ የሚለው ግን የእኛ የመምህራኑ ጥያቄ ነው።

«ይህ ያለፈ ነገር ነው፤ አሁን ኢንተርኔት ተመልሷል፤ ስልክ በየተማሪው ኪስ አለ» የሚሉኝ አሉ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሁሉን ይመልሳል የሚሉም በዝተዋል። ለመጀመሪያዎቹ የምመልሰው፣ በተማሪ ኪስ ያለው ስልክ በተማሪ ገንዘብ የሚሠራ መሆኑን ነው። የጥቅል ሒሳብና የምሳ ሒሳብ ከአንድ ኪስ ይወጣሉ፤ ማንኛው እንደሚያሸንፍ ታውቃላችሁ። ለሁለተኞቹ ደግሞ፣ ማሽኑ የሚመልሰው ድረ ገጽ ላይ ያገኘውን ነው። የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ መጣጥፎች አሉት። የአማርኛው አሥራ አምስት ሺህ ገደማ ነው። የትግርኛው ከጥቂት መቶዎች አይዘልም። ስለ ደጉዓ ተምቤን ያልጻፍን እንደሆነ ማሽኑም እንደ ተማሪዎቼ የአሜሪካን ሜዳ ይሰጠናል፤ እርሱ እንዲያውም ሳያፍር።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ለምን ያስቸኩለኛል? ምክንያቱም መንግሥት ፈተናውን ወደ ኮምፒዩተር እያዛወረ ነው። የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ሲጀመር በኮምፒዩተር ነበር። የ12ኛ ክፍል ፈተናም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኦንላይን ይሰጣል። በአገር አቀፍ ደረጃ በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። የትግራይ ልጆች ደግሞ ከዓመታት ባዶነት በኋላ በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው ለፈተና የተቀመጡት። በኮምፒዩተር ተምሮ የማያውቅን ልጅ በኮምፒዩተር መፈተን ዋና ሳያስተምሩ ወደ ተከዜ መወርወር ነው።

*

ታዲያ ምን ይደረግ? የምጠይቀው ሰማይ የሚያክል ነገር አይደለም።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በግቢው ውስጥ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የድረ ገጾች ቅጂ ይኑረው። ኪዊክስ ነጻ ነው። ካን አካዳሚን የመሰሉ ትምህርቶችን ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብበው ኮሊብሪም ነጻ ነው። የአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ለዓለም ክፍት ያደረጋቸውን የኮርስ ማስታወሻዎች መቅዳት ፈቃዱ ራሱ ይፈቅዳል። አንድ ደህና ኮምፒዩተር፣ ጥቂት ሃርድ ዲስክና የግቢ ዋይፋይ ይበቃል። ኩባውያን ኢንተርኔት ባጡ ዘመን «ኤል ፓኬቴ» የሚሉትን በየሳምንቱ የሚታደስ ሃርድ ዲስክ ከእጅ ወደ እጅ እያዞሩ አገር ሙሉ አዳርሰዋል። እነርሱ ለፊልምና ለዘፈን ካደረጉት እኛ ለፊዚክስ ማድረግ እንዴት ያቅተናል? ዩኒቨርሲቲዎቻችንን በአንድ መረብ ለማገናኘት የተቋቋመው የትምህርትና የምርምር ኔትወርክም ለዚህ ካልዋለ ለምን ይውላል?

ሁለተኛ፣ የራሳችን ጥናቶች ይጫኑ፤ ቢያንስ በሦስት ከተሞችም ይባዙ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ጽሑፎቹን በድረ ገጽ ማስነበብ ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። ከመቐለ ዩኒቨርሲቲ የሚወጣው ሞሞና የሳይንስ መጽሔት ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ለንባብ ክፍት ሆኖ ቆይቷል። ምሳሌው አለ ማለት ነው። የጎደለው ግዴታው ነው። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ማንኛውም ጥናት ሕዝቡ በነጻ ሊያነብበው ይገባል። የምሥራቅ ትግራይን አብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት በ2009 እና በ2015 (እ.ኤ.አ.) መካከል በዲጂታል ያነሣው የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ፕሮጀክት ነው፤ ምስጋና ይገባዋል። ለሚቀጥለው ትውልድ ግን ቅጂው በእኛም ቤት ይኑር።

ሦስተኛ፣ የመምህሩ ሰዓት ይታሰብ። ተማሪን ድረ ገጽ እንዲመዝን ማስተማር፣ ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው፣ ለየትኛው አገር ጻፈው ብሎ እንዲጠይቅ ማድረግ ሥራ ነው፤ ሰዓትም ይወስዳል። ሰማንያ ተማሪ በአንድ ክፍል አስቀምጦ፣ ኑሮ ያጎበጠውን መምህር «ቴክኖሎጂ ተጠቀም» ማለት ፌዝ ነው።

አራተኛ፣ ሕግ ይውጣ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ዜጋው ወሰን ሳይገድበው መረጃ የመፈለግና የመቀበል ነጻነት እንዳለው ይናገራል። ስለዚህ የትምህርት ቤት፣ የቤተ መጻሕፍትና የሆስፒታል መረብ በፈተናም ሆነ በጦርነት ሰበብ በአንድ ባለሥልጣን ትእዛዝ የማይዘጋ ይሁን። የመጠጥ ውኃ ጉድጓድን የመረዘ ሰው በየትኛውም ባህል ይወገዛል። የዕውቀት ጉድጓድ ለምን ይቅለል?

ሕጉ እስኪወጣ ግን አልጠብቅም። ያቺ ተማሪ ባለፈው ሳምንት ቢሮዬ መጥታ ነበር። የይለፍ ቃሉን ከቤተ መጻሕፍቱ አግኝታ ስለ ሐገረ ሰላም የተጻፈውን ጥናት አንብባለች። ደስ ብሏት ሳይሆን ተቆጥታ ነው የመጣችው። «ዶክተር፣ ይህ ጸሐፊ የገበሬው ወጪ ዝቅተኛ ነው ይላል። አባቴ እርከን ሲሠራ ስንት ቀን ከእርሻው እንደቀረ እኔ አውቃለሁ። ሒሳቡ ትክክል አይመስለኝም።» መረጃ ሰብስቢና ጻፊው አልኋት። ስትጨርሰው ሦስት ቦታ አስቀምጠዋለሁ።

ቸር እንሰንብት።